ሙቀት ያደከመው፣ ብርድ ያጋለጠው ባትሪ

ከሞቃታማዋ ከሚሴ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ወጥቶ ያደረ መኪና በማለዳ አልነሣ ሲል ባለንብረቱ ብርዱን ይወቅሳል። እኛ ግን ዋናው ጥፋተኛ ብዙውን ጊዜ የከሚሴ ሙቀት ነው እንላለን።

በባትሪው ውስጥ የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይገኛሉ። ሙቀት የሰሌዳዎቹን መበላት ያፋጥናል፤ ውሃውንም በትነት ይቀንሳል። ብርድ ደግሞ ኬሚካዊ ሂደቱን በማዘግየት የተደበቀውን ድካም ያጋልጣል።

ይሁንና አዲስ ባትሪ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንለካ። በመጀመሪያ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ ወደ 14 ቮልት ካልተጠጋ ዲናሞውንና ቺንጊያውን እንመርምር። ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ተዘግቶ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትተን በመካከሉ የአምፔር መለኪያ እናስገባ፤ በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት አይገባም። ንባቡ 0.5 አምፔር ቢሆን በቀን 12 አምፔር-ሰዓት በከንቱ ይፈስሳል፤ ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪም በ5 ቀናት ባዶ ይሆናል።

ይህን ፍሳሽ ሳይደፍን ባትሪ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው መንገድ ላይ ያስቀረዋልና።