የመንገዱ ማስታወቂያና የመንገዱ ገንዘብ

መንግሥት የሚሠራውን መንገድና ባቡር በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥንና በቢልቦርድ ሲያስተዋውቅ፣ «ይህ እኮ ከፕሮጀክቱ አንጻር ኢምንት ነው፤ በጀቱም ሌላ ነው» ማለት የተለመደ ነው። የበጀት ርዕሱ መለየቱ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው። ይህን እንደ ዴልሂው ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ የለም።

ዴልሂን ከሚሩት ከተማ ጋር የሚያገናኘው ፈጣን የባቡር መስመር 82 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወጪውን የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥትና መስመሩ የሚያልፍባቸው ግዛቶች ይጋሩታል። የዴልሂ አስተዳደር ግን ድርሻዬን የምከፍልበት ገንዘብ አጠረኝ አለ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሲሰማ፣ አስተዳደሩ ባለፉት ሦስት ዓመታት ለማስታወቂያ ያወጣውን ገንዘብ ዘርዝሮ እንዲያቀርብ አዘዘ። ሰነዱ ሲቀርብ ድምሩ ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለባቡሩ ይፈለግ የነበረው ውዝፍ ደግሞ 4.15 ቢሊዮን ሩፒ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ግንባታ አልነበረም፤ ቢሆንም አቅም የለኝም የሚለውን መከራከሪያ ባዶ አስቀርቶታል። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ውዝፉ በሁለት ወር ውስጥ እንዲከፈል አዘዙ። በጊዜው አልተከፈለም። በኅዳር ወር የዓመቱ የማስታወቂያ በጀት ራሱ ወደ ባቡሩ ፕሮጀክት እንዲዛወር ወሰኑና፣ ውሳኔው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የአንድ ሳምንት ፋታ ሰጡ። ክፍያው መንቀሳቀስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው እምነት፣ የባለሥልጣኑ ፎቶ ከሌለበት ማስታወቂያው ገለልተኛ ነው የሚለው ነው። ያው የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ ከፕሬዚዳንቱ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩና ከዋና ዳኛው በቀር የማንም ፎቶ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ በዓመቱ ግን ለግዛት መሪዎችና ለሚኒስትሮችም ፈቀደ። ክልከላው ጸንቶ ቢቆይ እንኳ ብቻውን አይበቃም። የካናዳዋን ኦንታሪዮ እንይ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ ማስታወቂያው ከመሠራጨቱ በፊት ዋናው ኦዲተር እንዲመረምረውና ለገዢው ፓርቲ ውዳሴ ያደላውን እንዲያስቀር ሥልጣን ይሰጥ ነበር። በ2015 ሕጉ ተሻሻለና መለኪያው ጠበበ፦ የባለሥልጣን ስም ወይም ምስል፣ የፓርቲ ስም ወይም አርማ እስከሌለበት ድረስ ማስታወቂያው በአብዛኛው ያልፋል። የወቅቱ ኦዲተር ቦኒ ላይሲክ ማሻሻያውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በኋላም በቀድሞው ሕግ ቢሆን የማያሳልፏቸው ማስታወቂያዎች እያለፉ መሆኑን በሪፖርታቸው ጻፉ። ሙገሳ ያለ ፎቶም ይነገራላ!

ከዚህ ተነስቶ «ስለ ፕሮጀክት የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ብክነት ነው» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። የጨረታ ማስታወቂያ ካልወጣ ተወዳዳሪ አይመጣም። የአውሮፓ ኅብረትም ወጪያቸው ከ500,000 ዩሮ ለሚበልጥ የልማት ፈንድ ግንባታዎች የገንዘቡን ምንጭ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲተከል ያስገድዳል፤ ግዴታውን ያልፈጸመና ያላስተካከለ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ድጋፍ ሊሰረዝበት ይችላል።

እኛም አገር በግንባታ ቦታ አጥር ላይ የሚቆመውን ታፔላ ጠጋ ብሎ ማንበብ ነው፦ አሠሪው፣ ሥራ ተቋራጩ፣ አማካሪው፤ አንዳንዱ ላይ የውል ዋጋውና የሚጠናቀቅበት ቀንም አለ። ይህም በነፃ አይቆምም፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከግንባታው ውል ውስጥ ነው የሚወጣው። ሆኖም የማጠናቀቂያው ቀን የተጻፈበት ከሆነ፣ ቀኑ ያለፈበት የሰፈር ሰው ወረዳ ሄዶ ሲጠይቅ በእጁ ማስረጃ አለው። ቀኑና ዋጋው ተትቶ ያለቀለት ሕንፃ ሥዕል ብቻ በትልቁ ሲለጠፍ፣ ወጪው ያው ወጪ ነው፤ ጠያቂው ግን የሚይዘው ነገር የለም።