የተሠራውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራውን እንቁጠር

የግቢ አገልግሎት ፍላጎት ዳሰሳ ሲባል ብዙዎቻችን ሕንፃ መቁጠር ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች በምንማርበት ግቢ ለኮርስ ሥራ ደብተር ይዤ ስዞር የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ የተሟላ መሰለኝ። አንዲት የስማዳ ልጅ ግን መዝገቤን አይታ «ከተቆለፉት ጋር ነው እንዴ የቆጠርሽው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ትምህርቷን ትታ ወደ ተከራየችበት ቤት ትሄዳለች።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መመሪያ ለ25 ሴቶች 1 መጸዳጃ ይላል። ለምሳሌ 200 ሴቶች ላሉበት ግቢ 8 ያስፈልጋል ማለት ነው። 8 ተሠርቶ 3ቱ ከተቆለፉ ወረቀቱ ላይ «ተሟልቷል»፤ በተግባር ግን 1 ለ40 ሆነ።

ቤቱ እያለ አገልግሎቱ ሊጠፋ እንደሚችል የጋይንት ሰው ያውቃል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የነፋስ መውጫ ሆስፒታል በጦርነቱ ተጎድቶ ንብረቱ ሲዘረፍ ታይቷል።

ስለዚህ ዳሰሳ የምትሠሩ ሁሉ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የተሠራ፣ የሚሠራ፣ የሚያስፈልግ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥገና ነው፤ ቁልፍ፣ ቧንቧ ወይም ሮቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ግንባታ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ነው። ከመቁጠራችሁ በፊት ደግሞ ተጠቃሚዋን ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ነበር፤ እንደገና ቆጠርኩ።