ስለ ትንሽ ትራክተር የመጎተት ኃይል

በጋምቤላ የባሮ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ከዳሩ ሲወጣ የሜዳው ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆናል። በዚያ ጭቃ የገባ ትራክተር ሞተሩ እየጮኸ መንኰራኵሩ በከንቱ ይዞራል። ምክንያቱ ምንድር ነው?

የሞተር ኃይል በፈረስ ጉልበት ይለካል። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። ከ1917 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ጀምሮ በብዛት የተሠራው ፎርድሰን የተባለው ትንሽ ትራክተር የሞተሩ ኃይል 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረ። ነገር ግን እኩሌታው ያህል በጥርሳም መዘውሮች መፋተግና በመንኰራኵር መንሸራተት እየጠፋ፣ ለማረሻው የሚተርፈው 10 ያህል ብቻ ነበረ። ይኸውም በሰከንድ 1 ሜትር ሲሄድ በ750 ኪሎ ኃይል መሳብ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጕተታው በእኩሌታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከባድ ሥራ በዝግታ ይሠራል።

ይሁን እንጂ መሬቱ መንኰራኵሩን ካልያዘው የሞተሩ ብርታት አይጠቅምም። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ አፈሩ እስኪጠፍ ይታገሣል፤ በኋላው መንኰራኵር ላይም የብረት ክብደት ይጨምራል። የአኙዋ ገበሬዎችም የወንዙ ውሃ እስኪሸሽ ጠብቀው በዳሩ ርጥብ አፈር ላይ ይዘራሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሰንሰለትን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ጭነቱ አልንቀሳቀስ ሲል የትራክተሩ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ነጂውንም ይገድላል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ዘወትር ዝቅ ካለው መሳቢያ ላይ ይታሰር።