የነርሲንግ ተማሪ ስንት ሰዓት ያጥና?

ነርሲንግ የሚማሩ ወጣቶች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። የቆየው ስሌት ለአንድ ክሬዲት አወር በሳምንት ሁለት ሰዓት ጥናት ይላል፤ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ 30 ሰዓት ያጠናል ማለት ነው። ይህ ግን ክፍል ለሚውል ነው። ሆስፒታል ወጥቶ የሌሊት ተረኛ የሆነውስ? እሱ መጀመሪያ ይተኛ እላለሁ። ሲነሳ ሌሊት ያየውን የአንድ በሽተኛ ሕመምና መድኃኒት ከመጽሐፉ ጋር ቢያመሳክር አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

የመድኃኒት መጠን ስሌት ግን ዕረፍት የለውም፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሰጠው። ሐኪሙ ለሕፃን 250 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አዘዘ እንበል። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 125» ከተጻፈ የሚሰጠው 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ «250» ከተጻፈ ግን 5 ብቻ። በፈተና ዋዜማ ብቻ የሸመደደ ተማሪ እንቅልፍ ሲጫነው ሁለቱን ያምታታል፣ ሕፃኑም እጥፍ ይጠጣል።