የእኛ ሴት ሯጮች በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ምን ዕድል አላቸው?

በዚህ እትም የስፖርት ዓምዱ ተራ የደረሰው ለእኔ ነው። ሰሞኑን በእረፍት ሰዓት የምንከራከርበትን ነገር አነሳለሁ። ከ8ኛ ክፍል አንዷ እህታችን በወረዳ ውድድር በ1,500 ሜትር 1ኛ ወጥታ ለዞን ከተመረጠች ወዲህ ግማሹ ተማሪ «በቃ፣ ኢትዮጵያ ሻምፒዮና ገባች!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከወገል ጤና ተነስታ የት ልትደርስ?» ይላል። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ አልጽፍም።

መጀመሪያ ሻምፒዮናው ምን እንደሆነ እንወቅ። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው ውድድር ነው። የሚሳተፉት ክልሎች፣ የከተማ አስተዳደሮችና ክለቦች ናቸው፤ ለምሳሌ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ድሮ መከላከያ ይባል የነበረው መቻል። ስለዚህ አንዲት ልጅ «እኔ ፈጣን ነኝ» ብላ ጫማዋን ይዛ ብትሄድ አትገባም። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል መውጣት አለባት፣ ወይም ክለብ ሊይዛት ይገባል። የክለብ ሯጭ ደመወዝ አላት፣ አሰልጣኝ አላት፣ ሥራዋ መሮጥ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ጧት ውሃ ቀድታ ነው የምትመጣው።

ብዙዎቻችን «እኛ እኮ ደገኞች ነን፣ ሳንባችን ጠንካራ ነው» እንላለን። እውነት አለው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ወደ በሽሎ ቁልቁል ወርዶ የተመለሰ ሰው ዳገቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ግን እስቲ አስቡት፤ በሻምፒዮናው የሚገጥሙን እነማን ናቸው? የአርሲ በቆጂ ልጅ ደገኛ ናት። ደብረ ብርሃን ማሰልጠኛ ማዕከል ያለችውም ደገኛ ናት። ደጋው ከአውሮፓ ሯጭ ጋር ስንወዳደር ይጠቅመን ይሆናል፤ እርስ በርሳችን ስንሮጥ ግን ለማንም አያዳላም።

ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ በረጅም ርቀት ሰልፉ በጣም ረጅም ነው። በ2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ቡድን መምረጫ ሆላንድ አገር ሄንግሎ ላይ ተደረገ። እዚያ ለተሰንበት ግደይ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሴኮንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ልብ በሉ፣ ማጣሪያ ላይ ነው! በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 ሰው በላይ አያሰልፍም። ስለዚህ በሌላ አገር 1ኛ የምትሆን ሯጭ እኛ አገር 4ኛ ወጥታ ቤቷ ትቀራለች።

ይህ ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የስፖርት መምህራችን ሜዳችን ላይ 100 ሜትር በገመድ ለኩልን። ለተሰንበት እያንዳንዱን 100 ሜትር በ17 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ነው የሮጠችው። ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ሴቶች ሁለቱ ከዚያ ፈጥነው ገቡ፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ መምህራችን «በሉ፣ ይሄንኑ ሳታርፉ 100 ጊዜ» ሲሉ ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረረ።

ታዲያ ዕድል የለም ማለት ነው? አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው «ትችላለች ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው ርቀት?» ነው። 800 ሜትርን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ በሴቶች 800 ሜትር የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ነው፤ ጽጌ ዱጉማ በ1 ደቂቃ ከ57.15 ሴኮንድ ብር አመጣች። ከዚያ በፊት በዚህ ርቀት ሜዳሊያ አልነበረንም፤ በ10,000 ሜትር ግን ደራርቱ ቱሉ ወርቁን ያመጣችው ገና በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ እኔ የምወደው የ3,000 ሜትር መሰናክልን ነው። 28 ጊዜ እንጨት፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበት ጉድጓድ ይዘለላል። የሴቶቹ እንጨት ቁመት 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮና ወርቅውሃ ጌታቸው ብር፣ መቅደስ አበበ ነሐስ ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት ሲምቦ አለማየሁ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። መሰናክል ፍጥነት ብቻ አይበቃውም፤ እርምጃን መቁጠርና አለመፍራት ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ካብና ቦይ እየዘለሉ አይደል ትምህርት ቤት የሚመጡት? አንድ ግንድ በሁለት ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ልምምዱ ይጀመራል። (አሎሎ ውርወራም ሰልፉ አጭር ነው፤ ግን ማንም እሺ አላለኝም።)

የዕድሜውም ነገር አለ። ጥሩነሽ ዲባባ በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ይህን ሰምተን «የእኛዋ 15 ዓመቷ ነው፣ 3 ዓመት ቀራት» ብለን ማስላት የለብንም። እንደ ጥሩነሽ ያለች በጣም ጥቂት ናት። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ገና እያደገ ስለሆነ በየቀኑ ረጅም ርቀት ማስሮጥ ይጎዳል። በተለይ ሴቶች የወር አበባ ሲጀምሩ ደም ሊያንሳቸው ይችላል፤ ደም ለመተካት ደግሞ ብረት የሚባለው ማዕድን ያስፈልጋል። ምስር ውስጥ አለ፤ ምስር ደግሞ በደላንታ አይጠፋም። ግን ከምግብ ጋር ሻይና ቡና መጠጣት ብረቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ትንሽ ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

በበቆጂ ደራርቱንና ጥሩነሽን ያሠለጠኑት ጋሽ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ይህን ለመምህራኖቻችን ብዬ ነው የጻፍኩት።

የልጅቷን እናትም አነጋግሬአቸዋለሁ። «ብትሮጥ አልጠላም ልጄ፤ ውሃውን ማን ይቀዳል? ፈተናውስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደርሷል። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ 5ኛ ክፍል ያለው ወንድሟ ጀሪካኑን ተረክቧል፤ እሷም በእነዚያ ቀናት ትለማመዳለች።

የእኔ ግምት ይሄ ነው። በዞን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ትወጣለች። ለኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዘንድሮ አትደርስም፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ግን በመሰናክል ብትመጣ አልገረምም። አሁን የቀረው የዞኑ ምዝገባ ነው። መምህራችን 3,000 ሜትርም ጨምረው ሊያስመዘግቧት ያስባሉ፤ እሷ ግን «1,500 ብቻ ይበቃኛል» ብላለች። ቅጹ ዓርብ ይሄዳል።