ሰውና የወባ ተውሳክ የሚመሳሰሉበት ኢንዛይም

ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሚመደብ መምህር አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «ወባን ተጠንቀቅ» የሚል ነው። እውነትም ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ አጫጁ ከደጋ ሲወርድ ወባም አብራ ትበረታለች። ለመሆኑ ተውሳኩን ብቻ ለይቶ የሚገድል መድኃኒት ማግኘት ይህን ያህል ያስቸገረው ለምንድን ነው? በአንድ ጂን ምሳሌ እንመልከተው።

ጂን ወይም ዘረ መል ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው። በሰው አንደኛ ክሮሞዞም ላይ ፒ.አይ.4.ኬ.ቢ. የሚባል ጂን አለ። ከእሱ የሚገኘው ኢንዛይም 800 ያህል አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሲሆን፣ ካይኔዝ ከሚባሉት ወገን ነው። ካይኔዞች ኤ.ቲ.ፒ. ከተባለው የኃይል ምንጭ ፎስፌት ወስደው በሌላ ነገር ላይ ይለጥፋሉ። ይኸኛው የሚለጥፈው በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ባለ ቅባት ላይ ነው። ነገሩ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ምልክት እንደ መጻፍ ነው፤ ምልክት የሌለው ጆንያ የት እንደሚጫን አይታወቅም። ሕዋስም ጎልጂ በሚባለው ክፍሉ ፕሮቲኖችን ወደየቦታቸው ሲልክ በዚህ ምልክት ይመራል።

የወባ ተውሳክም የራሱ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲባዛ ለልጆቹ ሽፋን የሚያበጀው በእሱ እርዳታ ነው። ኢንዛይሙ ከታገደ ልጆቹ ሽፋን ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ተውሳኩም ይሞታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 በጥናት ተገለጠ።

ችግሩ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የተውሳኩን ኢንዛይም የሚያግድ ኬሚካል የኛንም ካገደ በሽተኛው ይጎዳል። በመሆኑም ተመራማሪዎች በሁለቱ መካከል ያለችውን ትንሽ ልዩነት ይፈልጋሉ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ የመሩት ቡድን የተውሳኩን ኢንዛይም የሚያግድ ኤም.ኤም.ቪ.048 የተባለ ኬሚካል ያበጀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በወባ ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ነገር ግን መድኃኒት ቤት ሳይደርስ ቀረ።

እጩ መምህራን ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር አለ። ተውሳክን ገድሎ ሰውን የሚያድን መድኃኒት በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ያለውን እንዳናበላሽ። ትኩሳት የያዘው ተማሪ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ የታዘዘለትን ክኒን ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ፤ የጓደኛውንም ትራፊ አይዋጥ። አጎበሩም እህል መቋጠሪያ ሳይሆን መኝታ ላይ ይዘርጋ።