ከአውድማ ወደ መድረክ፦ የባህል ሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድኖች ታሪክ እና የቃል ግጥም ዕጣ

1. መግቢያ

የሥነ ቃል ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተው የዘፈን ግጥሞችን ሲሰበስቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በግጥሞቹ ይዘት ላይ ነው። ስንኞቹ ይጻፋሉ፤ በሠርግ፣ በሥራ ወይም በበዓል ዘፈንነት ይመደባሉ፤ ከዚያም ይተነተናሉ። ግጥሙን ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለና በዙሪያው የነበረው ሰው ምን እንዳደረገ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የመንደር ዘፋኞችና ተወዛዋዦች በቡድን ተደራጅተው ወደ መድረክ የወጡበትን ታሪክ በአጭሩ እየተከተለ፣ በዚህ ጉዞ ውስጥ የሰጪና የተቀባይ ግንኙነት ምን እንደደረሰበት ለማሳየት ይሞክራል። ዓላማው መድረኩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከመድረክም ሆነ ከመንደር የሚሰበሰብ ግጥም በምን ዓይን ሊታይ እንደሚገባ ለማመልከት ነው።

2. ክዋኔው በመንደር

በመንደር ውስጥ «የዘፈን ቡድን» የሚባል ቋሚ ድርጅት አልነበረም። ሠርግ ሲሆን ወይም ዓመት በዓል ሲደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ክብ ይሠራል። ከበሮ የምትመታ ትመታለች፤ አውራጁ ያወርዳል፤ የቀረው እያጨበጨበ ይቀበላል። ሁለት ሁለት ሰው ወደ ክቡ መካከል እየገባ እስክስታውን ይመታል፤ ሲደክመው ይወጣል፤ ሌላው ይተካል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተመልካች ብቻ የሆነ ሰው የለም። አሁን የሚያጨበጭበው ቆየት ብሎ ተወዛዋዥ፣ ከዚያም አውራጅ ይሆናል።

በሙያው የሚተዳደረው አዝማሪ ሲመጣም ይኸው ግንኙነት መልኩን ለውጦ ይቀጥላል። ታዳሚው «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በማሲንቆው ዜማ ይደግመዋል። ስለዚህ የግጥሙ ባለቤት አንድ ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል። ቃሉ የሰጪው፣ ዜማው የአዝማሪው፣ ፍቺው ደግሞ የታዳሚው ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ሲሆን የአዝማሪው መድገም ጌጥ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ታዳሚው መጀመሪያ ሰሙን ይሰማል፤ ሲደገም ቃሉ ሌላ ቦታ ላይ ሲሰበር ወርቁን ያገኛል። ለምሳሌ የደጋሹን ቤት የሚያወድስ የሚመስል ስንኝ ወርቁ የጠላውን መቅጠን የሚነካ ቢሆን፣ ሳቁ የሚፈነዳው ደጋሹ በቦታው ስላለና ሁሉም ጠላውን ስለቀመሰ ነው። ያው ስንኝ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት ቢነገር ሰሙ ብቻ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ቃል ኃይል እንዳለው ገዢዎችም ያውቁ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የፋሽስት ወራሪ ኃይል ካሳደዳቸውና ከገደላቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። ከቦታ ቦታ እየዞረ፣ ሕዝቡ የሰጠውን ቃል ለሕዝቡ የሚመልስን ሰው አስቀድሞ መቆጣጠር አይቻልም ነበርና።

3. የመጀመሪያዎቹ መድረኮች

አዝማሪዎችን በአንድ ድርጅት ሥር በማሰባሰብ ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት ተቋማት አንዱ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ጊዜው የጣሊያን ወረራ የተቃረበበት ስለነበር፣ ዓላማው በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ለሀገሩ ማነሣሣት ነበር። ማኅበሩ ከነጻነት በኋላ በቴአትር ቤትነት ቀጠለ። በዚህ ሂደት የአዝማሪው ሥራ ከደጋሽ ቤት ወደ አዳራሽ ተሸጋገረ፤ ታዳሚውም ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። ቡድኑን በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ትውልደ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነበር። ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የመጡ ባለሙያዎች ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ይዘው በአንድነት ተቀመጡ። እነዚህ መሣሪያዎች በየአካባቢያቸውና በየአገልግሎታቸው ተለያይተው የኖሩ ናቸው። በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ሲሆን፣ እምቢልታ ደግሞ ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ እየሰጠ፣ አንድ ዜማ የሚያወጡበት ነው።

በአንድነት መጫወት ግን ስምምነት ይጠይቃል። በመንደር ማሲንቆ መቺው ባለ አንድ ክሩን፣ ክራር መቺውም ክሮቹን የሚቃኙት ለራሳቸው ድምፅ ነው። ዋሽንት በአንጻሩ ድምፁ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ፣ ነፊው ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ብዙዎቹ አብረው ሲጫወቱ አንድ ቅኝት መወሰን፣ መግቢያና መውጫን መለየት፣ መለማመድም ግድ ሆነ። ኤል ዳብ በ1964 እ.ኤ.አ. ከሄደ በኋላ አመራሩ ለጆን ኮ፣ ቀጥሎም በ1966 እ.ኤ.አ. ለተስፋዬ ለማ ተላለፈ። ቡድኑ በ1969 እ.ኤ.አ. «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውሮ አሳየ። ጉዞውን ካስተባበሩት አንዱ የነበረው የሰላም ጓድ ባልደረባ ቻርለስ ሳተን ማሲንቆን የተማረው ከቡድኑ አባል ከጌታመሳይ አበበ ነበር።

የተገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው። የተናቀው የአዝማሪ ሙያ ክብር አገኘ፤ ተራርቀው የነበሩ ሙዚቀኞች ተዋወቁ። የተከፈለው ዋጋም ግን አለ። ልምምድ የተደረገበት ዘፈን ግጥሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ተቀበል» የሚል ሰው ከወንበሩ ቢነሣ ልምምዱን ያፈርሳል።

4. የኪነት ዘመን

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ፤ በአንጻሩ የቡድን አደረጃጀት እስከ መንደር ወረደ። ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት የኪነት ቡድኖች አቋቋሙ። ቡድኖቹ ደረጃ በደረጃ ይወዳደሩ፣ የተሻሉትም ወደ ላይ ይመረጡ ነበር። በክፍለ ሀገር ደረጃ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሼ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ስመ ጥር ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም የተዘጋጀው ትርኢት ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ከያንያንን ይዞ፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለተደረገው ርዳታ ምስጋና ለማቅረብ በልዩ ልዩ ሀገሮች ተዘዋወረ።

በዚህ ዘመን ክቡ ተሰበረ፤ ተወዛዋዦች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በሰልፍ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዞሩ። ግጥሙም አስቀድሞ መታየትና መፈቀድ ነበረበት። ቅድመ ምርመራ በንጉሡም ዘመን ነበረ፤ አሁን ግን በየመንደሩ ደረሰ። የተፈቀደ ግጥም የሚዘምር አውራጅ ከሕዝቡ ስንኝ ሊቀበል አይችልም፤ የሚቀበለው ቃል አልተመረመረምና። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሰበሰቡ የኪነት ግጥሞችን «የገበሬው ድምፅ» አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ዜማቸው የገበሬው፣ ውዝዋዜያቸውም የገበሬው ሊሆን ይችላል፤ ስንኞቻቸው ግን የሰጪ ወንበር ባዶ ሆኖ የተዘፈኑ ናቸው።

5. የ«ተቀበል» መመለስ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የኪነት ቡድኖች ሲዳከሙ፣ በአዲስ አበባ በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ አዝማሪ ቤቶች በረከቱ። ጠባብ ክፍል፣ ዙሪያውን የተቀመጠ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ፤ «ተቀበል!» የሚለው ጥሪም እንደገና ተሰማ። ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፤ ደንበኞቹም ከአንድ መንደር የመጡ አይደሉም። ይህም የሚያስረዳን የሰጪና የተቀባይ ግንኙነት ከገጠር ስለወጣ ብቻ እንደማይሞት ነው። የሚሞተው ታዳሚው እንዳይናገር ሲደረግ ነው። እርግጥ የአዝማሪ ቤቱ ሰጪ እንግዳ ነው፤ ቃሉም በሽልማት የታጀበ ነው። ሆኖም የግጥሙ ሦስት ባለቤቶች እንደገና በአንድ ክፍል ተገናኝተዋል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ ለአጥኚው አንድ ግልጽ ግዴታ ይተዋል። ከመንደር፣ ከመድረክ፣ ከካሴት ወይም ከአዝማሪ ቤት የተገኘ ስንኝ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ይመሳሰላል። ልዩነቱን የሚነግረን ሰጪው ማን እንደነበር፣ ተቀባዩ ስንት ጊዜ እንደደገመው፣ ሳቁ ወይም ዝምታው የት ላይ እንደመጣ የሚገልጸው ማስታወሻ ነው። ይህ ማስታወሻ ከሌለ የሰበሰብነው ሰሙን ነው። ወርቁ ግን በቦታው ከነበሩት ሰዎች ጋር ይቀራል፤ እነርሱም ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።